«ተፈርሞበታል» የተባለው ዕቃ የት ገባ? አሜሪካ ላለን ሰዎች የጠፋ ፓኬጅ መከታተያ መመሪያ

ወደ አገር ቤት የሚሄድ ሰው ተገኘና ለወንድሜ የሚላክ ስልክ በኢንተርኔት አዘዝኩ። ተጓዡ ቅዳሜ ነው የሚበረው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ እያለሁ መልእክት ገባ፦ ዕቃው ደርሷል፣ ፈርሞ የተረከበው «ፍሮንት ዴስክ» ነው ይላል። እኔ የምኖረው ባለ ሦስት ፎቅ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ ነው። ዴስክ ቀርቶ መግቢያው ላይ አንድ ወንበር እንኳን የለም።

አድራሹ ኩባንያ ጋር ደወልኩ፤ «ተፈርሞበታል፣ ሻጩን ይጠይቁ» አሉኝ። ሻጩ ጋር ደወልኩ፤ «ተፈርሞበታል፣ አድራሹን ይጠይቁ» አሉኝ። ሁለት ቀን ሙሉ በሁለቱ መካከል ስመላለስ ቆየሁ። ቅዳሜ ሰውዬው ስልኩን ሳይዝ በረረ።

ገንዘቤን ያስመለስኩት ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው፤ እሱም ቀስ ብሎ የገባኝ አንድ ነገር ስለነበረ ነው። «ተፈርሞበታል» ሲሉን ክርክሩ ያበቃ ይመስለናል። ሆኖም የማታውቁት ስም፣ እቤት ያልነበራችሁበት ሰዓት፣ ሕንፃችሁ ውስጥ የሌለ ቦታ የተጻፈበት ፊርማ እናንተን የሚደግፍ ማስረጃ ነው። ይህ መመሪያ ያንን ፊርማ እንዴት አንብባችሁ፣ ለማን፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደምታቀርቡ ያሳያል።

አንድ፦ ማንም ጋር ከመደወላችሁ በፊት መዝገቡን ያዙ

በትራኪንግ ቁጥሩ ግቡና ገጹን ሙሉውን ስክሪን ሾት አንሱ። ዝርዝሩን የሚከፍተውን ቁልፍ ተጭናችሁ ዕቃው ያለፈበትን ከተማ ሁሉ፣ ክብደቱንና የአገልግሎቱን ዓይነት ጭምር አስቀሩ። ገጹ ላይ ያለው ነገር ኋላ ሊለወጥ ወይም ሊጠፋ ይችላል፤ እናንተ ጋ ያለው ምስል ግን ይቆያል።

የምትፈልጉት አራት ነገር ነው፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ የፈረመው ስም፣ ፎቶ ካለ ፎቶው። ቦታውን የሚናገሩት ቃላት አጭር ስለሆኑ ሰው ያልፋቸዋል። የአሜሪካ ፖስታ ቤት፣ ማለትም ዩኤስፒኤስ፣ «ኢን ኦር አት ሜይልቦክስ» ካለ ሳጥናችሁ ውስጥ ወይም አጠገቡ አስቀመጥኩ ማለቱ ነው። «ሌፍት ዊዝ ኢንዲቪጁዋል» ካለ ለሰው ሰጠሁ ይላል። «ፓርሰል ሎከር» ካለ ደግሞ መጀመሪያ የደብዳቤ ሳጥናችሁን ክፈቱ። ብዙ አፓርትመንት ውስጥ ፖስተኛው ትልቁን ዕቃ በጋራ ሎከር ቆልፎ ቁልፉን በእናንተ ሳጥን ውስጥ ይጥለዋል። ሳምንት ሙሉ «ጠፋ» ሲባል የከረመ ዕቃ በዚህ መንገድ ሲገኝ ሁለት ጊዜ አይቻለሁ፤ ሁለቱም ሰዎች ቢል በስልክ ስለሚከፍሉ የደብዳቤ ሳጥን መክፈት የተዉ ናቸው።

ፎቶ ካለ በሩን ሳይሆን ዙሪያውን እዩ፦ የምንጣፉ ቀለም፣ የበሩ ቁጥር፣ የግድግዳው ጡብ። የራሳችሁን በር ከተመሳሳይ አቅጣጫ ፎቶ አንስታችሁ ጎን ለጎን አስቀምጡ። ሁለቱን ያየ ሰው ተጨማሪ ማብራሪያ አይጠይቃችሁም።

ሁለት፦ ፊርማው ምን ዓይነት እንደሆነ ለዩ

ብዙ ሰው «ፊርማ ያስፈልጋል» ሲባል እሱ ራሱ መፈረም ያለበት ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ፌዴክስ ሦስት ደረጃ አለው። «ኢንዳይሬክት» የሚባለው ጎረቤት እንኳን ቢፈርም ይበቃዋል። «ዳይሬክት» የሚባለው በአድራሻው ያለ ሰው ይፈልጋል፤ ለጎረቤት መስጠት አይፈቀድም። «አዳልት» የሚባለው በአድራሻው ያለ 21 ዓመት የሞላው ሰው መታወቂያ አሳይቶ የሚፈርምበት ነው። ፖስታ ቤቱም ቢሆን «ሪስትሪክትድ ዴሊቨሪ» የሚባል ተጨማሪ አገልግሎት ካልተገዛ በቀር በአድራሻው ያገኘውን ሰው ሊያስፈርም ይችላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ለምን ሌላ ሰው ፈረመ?» አይደለም። ላኪው የከፈለው ለየትኛው ደረጃ ነበር? ለ«ዳይሬክት» ተከፍሎ ጎረቤት ፈርሞ ከሆነ ስህተቱ የአድራሹ ነው። ለ«ኢንዳይሬክት» ተከፍሎ ከሆነ ጎረቤታችሁን ፈልጉ። ይህን በእርግጠኝነት የሚያውቀው ላኪው ስለሆነ በጽሑፍ ጠይቁት።

ቀጥሎ፣ ስሙን ማን ጻፈው? በትራኪንግ ገጹ ላይ የሚነበበው ስም ብዙ ጊዜ ሾፌሩ በያዘው መሣሪያ ላይ ራሱ የተየበው ነው፤ የተቀባዩ የእጅ ጽሑፍ ሌላ ነው። በ2020 በኮቪድ ጊዜ ሰውን ከሰው ለማራራቅ ሲባል ፖስተኞችና ሾፌሮች ስም ከሩቅ ጠይቀው በራሳቸው እጅ እንዲያስገቡ ተፈቅዶ ነበር። ወረርሽኙ አለፈ፣ ልማዱ ግን በአንዳንዱ ሾፌር እጅ የቀረ ይመስለኛል። ስለዚህ የተየበውን ስም ብቻ አይታችሁ አትመለሱ፤ የፊርማውን ምስል ያለበትን ሰነድ ጠይቁ። ዩፒኤስ «ፕሩፍ ኦቭ ዴሊቨሪ»፣ ፌዴክስ «ሲግኔቸር ፕሩፍ ኦቭ ዴሊቨሪ» ይለዋል። ሙሉውን በቀላሉ የሚያወጣው ላኪው ነው፤ እናንተም አካውንት ካላችሁ ሞክሩ።

የእኛ ስም ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሾፌሩ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ፊደልና «ላስት ኔም» ነው፤ የእኛ «ላስት ኔም» ግን የአባት ወይም የአያት ስም ነው፣ ባልና ሚስትም የተለያየ አላቸው። ባለቤታችሁ ፈርማ የአባቷ ስም ቢጻፍ እናንተ «የማላውቀው ሰው» ልትሉ ትችላላችሁ። አንድ ወዳጄ ሦስት ቀን ከተሟገተ በኋላ የፈረሙት ለጉብኝት የመጡ አማቱ ሆነው ተገኙ፤ ዕቃውን አልጋ ሥር አድርገውለት ነበር፣ ሌባ እንዳያየው። ከመክሰሳችሁ በፊት ቤተሰቡን በሙሉ፣ እንግዳውንም ልጁንም ጠይቁ።

አንድ ወጥመድ ልጨምር። ሾፌሩ ሳያገኛችሁ ሲቀር በር ላይ የሚለጥፈው ብጣሽ ወረቀት የፊርማ ቦታ ሊኖረው ይችላል። እሱን ፈርማችሁ መልሳችሁ ከለጠፋችሁት ሾፌሩ ዕቃውን ትቶ እንዲሄድ ፈቅዳችኋል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለሚጠፋው ዕቃ ፊርማው የእናንተው ነው። በኩባንያዎቹ አፕ ላይም «በር ላይ ተውልኝ» የሚል ምርጫ አለ። ከዓመታት በፊት ሞልታችሁት ረስታችሁት ሊሆን ስለሚችል ግቡና እዩ።

ሦስት፦ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ፈልጉ

አንዳንድ ሾፌር መኪናው ውስጥ ሆኖ «ደርሷል» ብሎ ይመታና ዕቃውን በማግሥቱ ያመጣዋል። አማዞንም «ደርሷል» የተባለ ዕቃ ካልተገኘ 48 ሰዓት ጠብቁ ይላል። ጠብቁ፣ ግን እጃችሁን አጣጥፋችሁ አይደለም።

ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖሩ ከሆነ መጀመሪያ የአድራሻችሁን ጅራት እዩ። ከተማዋ ከካፒቶሉ ተነስታ በአራት ስለተከፈለች ተመሳሳይ የቤት ቁጥርና ተመሳሳይ ጎዳና ከአንድ በላይ ቦታ አለ። እኛ ምግብ ቤቶቻችንን የምናውቅበት 9ኛ ጎዳና ኖርዝዌስት ላይ ነው፤ 9ኛ ጎዳና ኖርዝኢስትም አለ። «ኖርዝዌስት» የሚለው ከቀረ ወይም ከተሳሳተ ዕቃው ሌላ ሰው በር ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ደግሞ «ስትሪት»፣ «ኮርት»፣ «ፕሌስ»፣ «ቴራስ» እየተባሉ አንድ ስም የሚጋሩ መንገዶች ሞልተዋል። በእግር ሄዳችሁ በተመሳሳይ ቁጥር ያለውን በር አንኳኩ። ስታንኳኩ «ዕቃዬን ወስዳችኋል?» ብላችሁ አትጀምሩ፤ «በስህተት የእኔ ዕቃ እናንተ ጋ መጥቶ ይሆን?» በሉ። በዚያው ሰሞን የሌላ ሰው ዕቃ እናንተ ጋ መጥቶ ከሆነ የእናንተው እሱ ጋ የመሄዱ ዕድል ሰፊ ነው።

የሕንፃው ኦፊስ ጋ ሂዱና የፓኬጅ ክፍሉን አብረው እንዲያዩላችሁ ጠይቁ። ካሜራ ካለ የዚያን ቀንና ሰዓት ቅጂ እንዲያስቀምጡ በኢሜይል ለምኗቸው፤ የካሜራ ቅጂ ከጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት በኋላ በላዩ ላይ ይቀረጽበታል። ፍሮንት ዴስክ ወይም ዕቃ ተቀባይ ሠራተኛ ከሌላቸው ይህንኑ በሁለት መስመር ጽፈው እንዲሰጧችሁ ጠይቁ። እኔን ያተረፈኝ ይህ ወረቀት ነው።

አራት፦ ጥያቄውን ለትክክለኛው ሰው አቅርቡ

የከፈላችሁት ለሻጩ ነው። አድራሹን የመረጠውና ከአድራሹ ጋር የተዋዋለው ሻጩ ነው። ስለዚህ ዩፒኤስና ፌዴክስ ላይ ምርመራ የማስከፈትና ካሳ የመጠየቅ ዋናው ኃይል በላኪው እጅ ነው። እናንተ አድራሹ ጋር ስትደውሉ የምትፈልጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ማመልከታችሁን የሚያሳይ የጉዳይ ቁጥር። ያንን ይዛችሁ ወደ ሻጩ ተመለሱ።

ለሻጩ በጽሑፍ ጻፉ። በስልክ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም፤ ከደወላችሁም ስልኩን ዘግታችሁ ወዲያው «ዛሬ እንዲህ ተባብለናል» ብላችሁ ኢሜይል ላኩ። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ሆኖ ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«የትእዛዝ ቁጥሬ ይህ ነው፣ የትራኪንግ ቁጥሩ ይህ ነው። በዚህ ቀን በዚህ ሰዓት ደርሷል ተብሏል፤ እኔ ግን አልተረከብኩም፣ ለማንም አላስረከብኩም። ፈረመ የተባለው ስም የእኔም የቤተሰቤም አይደለም። ሕንፃው ፍሮንት ዴስክ እንደሌለው የሚገልጽ ደብዳቤ አያይዣለሁ። የፊርማውን ምስልና የተከፈለበትን የፊርማ ዓይነት እንድትልኩልኝ፣ ከአድራሹም ጋር ምርመራ እንድትከፍቱ፣ እስከዚህ ቀን ዕቃውን በድጋሚ እንድትልኩ ወይም ገንዘቤን እንድትመልሱ እጠይቃለሁ።»

ሰዓት ስትጽፉ ተጠንቀቁ። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ለእኛ ስምንት ነው፣ ለእነሱ ከሰዓት በኋላ ሁለት ነው። ቁጣም አታስገቡበት፤ ደብዳቤውን የሚያነበው ሰው ዕቃውን አልሰረቀም፣ ጉዳዩን በአንድ ቁልፍ የሚዘጋው ወይም ወደ አለቃው የሚያሳልፈው ግን እሱ ነው።

አማዞን ላይ ከሦስተኛ ወገን ሻጭ ከገዛችሁ «ኤ ቱ ዚ» የሚባለው ዋስትና ዕቃው ይደርሳል ከተባለበት የመጨረሻ ቀን ጀምሮ እስከ 90 ቀን ይሠራል። ኢቤይ ላይ 30 ቀን ነው። ፔይፓል ላይ ከከፈላችሁበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን አላችሁ። ፔይፓል ላይ አንድ ነጥብ አለች፦ 750 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሆነ ዕቃ ሻጩ ጥበቃ የሚያገኘው የፊርማ ማረጋገጫ ካቀረበ ነው። ያለ ፊርማ በር ላይ ከተጣለ ያንን መናገር አትርሱ።

ሻጩ «አልተቀበልኩም» የሚል የማረጋገጫ ቅጽ ሊልክላችሁ ይችላል። እውነት ከሆነ ፈርሙት። ከፈረማችሁ በኋላ ዕቃው ከተገኘ ግን በዚያው ቀን አሳውቁ፤ ሐሰተኛ ማረጋገጫ ማጭበርበር ነው።

አምስት፦ ያመጣው ፖስታ ቤቱ ከሆነ

ዩኤስፒኤስ ከግል ኩባንያዎቹ የሚለየው እናንተም በቀጥታ ልትጠይቁት መቻላችሁ ነው። 1-800-275-8777 ላይ መደወል ይቻላል፤ እኔ ግን ሰፈራችሁ ያለውን ፖስታ ቤት በአካል ሂዱ ባይ ነኝ፣ በጠዋት፣ ፖስተኞቹ ወደ መንገድ ሳይወጡ። ሱፐርቫይዘር ጠይቁና አንድ ነገር ብቻ በሉት፦ «ደርሷል ተብሎ ስካን የተደረገበትን ጂፒኤስ እዩልኝ።» የፖስተኛው መሣሪያ ስካን ሲያደርግ ያለበትን ቦታ ይመዘግባል፤ ሱፐርቫይዘሩም በኮምፒውተሩ ነጥቡ እናንተ በር ላይ ይሁን ሌላ መንገድ ላይ ያያል። ሌላ ቦታ ከሆነ ፖስተኛው ራሱ ሄዶ ሊያመጣው ይችላል። ይህ የሚሠራው በሁለት በሦስት ቀን ውስጥ ስትሄዱ ነው። ከሳምንት በኋላ ፖስተኛው የትኛው ካርቶን እንደነበረ አያስታውስም።

ካልተገኘ በድረ ገጹ ላይ የእርዳታ መጠየቂያ ቅጹን ሙሉ። ከተላከ 7 ቀን ካለፈው ደግሞ የጠፋ ዕቃ ፍለጋ ጥያቄ ማስገባት ይቻላል። እዚያ ላይ የካርቶኑን መጠንና ቀለም፣ ውስጡ ያለውን ዕቃ፣ ምልክቱን በደንብ ግለጹ። አድራሻው የተላጠ ካርቶን አትላንታ ወዳለው ማዕከል ይሄዳል፤ እዚያ የሚለየውም በውስጡ ባለው ዕቃ ነው። «ልብስ» አትበሉ፤ «ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ጥለቱ አረንጓዴ፣ ከነነጠላው» በሉ።

ፕራዮሪቲ ሜይልና ግራውንድ አድቫንቴጅ ከሚባሉት የፖስታ ቤቱ መላኪያ ዓይነቶች ጋር እስከ 100 ዶላር ኢንሹራንስ አብሮ ይመጣል። የጠፋ ዕቃ ካሳ የሚጠየቀው ከተላከበት ቀን ጀምሮ 15 ቀን ካለፈ በኋላና 60 ቀን ሳይሞላ ነው። ላኪም ተቀባይም ማመልከት ይችላል፤ ውድቅ ከተደረገ 30 ቀን የይግባኝ ጊዜ አለ። ልንገራችሁ፣ ትራኪንጉ «ደርሷል» የሚል ከሆነ የመጀመሪያው መልስ አብዛኛውን ጊዜ እምቢታ ነው። የጂፒኤሱን ነገር ቀድማችሁ ያጣራችሁት ለዚህ ነው፤ ይግባኙ ላይ የሱፐርቫይዘሩን ስምና የተናገረበትን ቀን ጻፉ።

ስርቆት ከሆነ ደግሞ ፖስታ ቤቱ የራሱ ፖሊስ አለው፦ የፖስታ ኢንስፔክሽን አገልግሎት፣ 1-877-876-2455። በፖስታ ቤቱ የመጣ ዕቃ መስረቅ እስከ 5 ዓመት የሚያሳስር የፌዴራል ወንጀል ነው። በዩፒኤስ፣ በፌዴክስ ወይም በአማዞን ሾፌር ለመጣ ዕቃ ግን የሚኬደው ወደ አካባቢው ፖሊስ ነው፤ 911 ሳይሆን በመደበኛው ቁጥር ወይም በኦንላይን ቅጽ። ፖሊስ ዕቃውን ያገኘዋል ብላችሁ ብዙ አትጠብቁ፤ የምትፈልጉት የሪፖርት ቁጥሩን ነው፣ ባንኩም ሻጩም ይጠይቃችኋል።

ስድስት፦ ሻጩ እምቢ ካለ ወደ ካርዱ

በክሬዲት ካርድ ከፍላችሁ ከሆነ ከ1974 ጀምሮ «ፌር ክሬዲት ቢሊንግ አክት» የሚባል ሕግ አለላችሁ። በውሉ መሠረት ያልደረሰ ዕቃ በዚህ ሕግ የሒሳብ ስህተት ነው። ደብዳቤያችሁ ክፍያው የወጣበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከተላከበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ኩባንያ መድረስ አለበት። ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መቀበሉን ማሳወቅ፣ በሁለት የሒሳብ ዙር ውስጥ፣ ቢበዛ በ90 ቀን፣ መወሰን ይጠበቅበታል። እስከዚያ የተከራከራችሁበትን ገንዘብ ክፈሉ ብሎ ሊያስገድዳችሁ አይችልም። በአፕ መጀመር ይቻላል፤ ገንዘቡ ከበድ ካለ ግን ደብዳቤውን ስቴትመንቱ ላይ ለሒሳብ ጥያቄ ተብሎ ወደተጻፈው አድራሻ በሰርቲፋይድ ሜይል ላኩ። ቢል የሚከፈልበት አድራሻ ሌላ ነው፣ አታምታቱ።

ዴቢት ካርድ ይህ ሕግ የለውም፤ ሆኖም የቪዛና የማስተርካርድ የራሳቸው ደንብ ስላለ ባንኩ ጋ ዲስፒውት፣ ማለትም የክፍያ ክርክር፣ መክፈት ይቻላል። በዜል የከፈለ ሰው ግን ለዕቃ ግዢ ጥበቃ የለውም። በቴሌግራምና በቲክቶክ ልብስና ቅመም ከሚሸጡ ሰዎች የምንገዛ ሁላችን ይህን እናውቃለን፣ እያወቅንም በዜል እንልካለን።

ዲስፒውቱን ስትከፍቱ የሚሆነው ይህ ነው። ባንኩ ለሻጩ ይጽፋል፤ ሻጩ «ተፈርሞበታል» የሚለውን ወረቀት ይልካል፤ ባንኩ ለሻጩ ይወስንና ፋይሉን ይዘጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እኔም ልቆርጥ ነበር። ነገር ግን ሻጩ የላከውን ወረቀት ቅጂ መጠየቅና መልስ መስጠት ይቻላል። የእኔን ሳየው ፊርማ የተባለው አንድ የተጠማዘዘ መስመር ነው፣ ስሙ «ፍሮንት ዴስክ»፣ ከአድራሻው የሚታየው ከተማውና ዚፕ ኮዱ ብቻ። የቤት ቁጥር የለበትም! መልሴ ላይ አራት ወረቀት አያያዝኩ፦ የሕንፃው ኦፊስ የጻፈውን፣ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ እንደነበርኩ የሚያሳየውን የሰዓት መዝገብ፣ መንጃ ፈቃዴ ላይ ያለውን ፊርማ፣ የፖሊስ ሪፖርቱን ቁጥር። በሦስተኛው ሳምንት ገንዘቡ ተመለሰ። ስልኩ የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ባንኩም ከዘጋው አነስተኛ የይገባኛል ጥያቄ የሚታይበት ፍርድ ቤት ይቀራል። ጣሪያው በዲሲ 10,000 ዶላር፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ 5,000 ዶላር ነው፤ ጠበቃ አያስፈልግም። ለሰባ ዶላር ጫማ አልሄድበትም፣ ለላፕቶፕ ግን እሄዳለሁ።

ሰባት፦ ፊርማው ከመጀመሪያውም ለእናንተ ያልሆነ ሲሆን

በጣም ርካሽ ዕቃ የሚያስተዋውቅ፣ ከወር በፊት የተከፈተ ድረ ገጽ ላይ ገዝታችሁ ከሆነ ይህን ጠርጥሩ። አጭበርባሪው በእናንተ ከተማ፣ በእናንተ ዚፕ ኮድ ላለ ሌላ ሰው ባዶ ፖስታ ወይም የማይረባ ነገር ይልካል። ትራኪንጉ በእውነተኛ ፖስታ ቤት፣ በትክክለኛ ከተማ «ደርሷል» ይላል፤ ፊርማም ሊኖረው ይችላል። አጭበርባሪው ያንን ለባንኩ ያሳያል።

የሚያጋልጡት ክብደቱና ቀኑ ናቸው። የቡና ማፍያ ማሽን አዛችሁ መዝገቡ አንድ ኦውንስ ካለ ነገሩ ግልጽ ነው። ዕቃው ጉዞ የጀመረው እናንተ ከማዘዛችሁ በፊት ከሆነም እንዲሁ። ወደ ፖስታ ቤቱ ሂዱና ያ ቁጥር ወደ እናንተ አድራሻ የተላከ ነው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። የሌላውን ሰው አድራሻ አይነግሯችሁም፤ «ወደ እናንተ አይደለም» የሚለውን ብቻ በጽሑፍ ካገኛችሁ ይበቃል። ሻጩ እንዲመልስላችሁ ሳምንታት አትጠብቁ፣ በቀጥታ ወደ ካርዱ ሂዱ።

«ፓኬጅዎ ተይዟል፣ ይህን ተጭነው 30 ሳንቲም ይክፈሉ» የሚል የስልክ መልእክት ደግሞ ሌላ ማጭበርበር ነው። የጠፋ ዕቃ ሲፈልግ ያለ ሰው ቶሎ ይጠመድበታል። ሁልጊዜ ቁጥሩን ራሳችሁ ድረ ገጹ ላይ አስገቡ።

ከአገር ቤት የተላከ ከሆነ

ከኢትዮጵያ ፖስታ በኢኤምኤስ፣ ማለትም በፈጣን ፖስታ፣ የተላከ ዕቃ ቁጥሩ 13 ፊደልና አኃዝ ነው፦ በእንግሊዝኛው «ኢ» ይጀምራል፣ በ«ኢ ቲ» ያበቃል፣ አሜሪካ ሲገባም በዚያው ቁጥር በዩኤስፒኤስ ይታያል። የሰፈራችሁን ፖስታ ቤት በጂፒኤሱ ጉዳይ መጠየቅ ትችላላችሁ፤ መደበኛው የፍለጋና የካሳ ጥያቄ ግን መጀመር ያለበት በላኪው፣ በላከበት ፖስታ ቤት ነው። ጊዜውም የተወሰነ ነው። ስለዚህ እናታችሁ ወይም እህታችሁ የላኩበትን ደረሰኝ ፎቶ አንስተው በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ በዚያው ቀን ንገሯቸው፤ ደረሰኙ ከጠፋ ጥያቄውን ማስጀመር ከባድ ነው።

አገር ቤት ፖስታ የለመድነው በፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ሄደን ከፍተን በማውጣት ስለሆነ እዚያ ያለ ሰው አድራሻ ሲጽፍ የአፓርትመንት ቁጥሩን ትርፍ ነገር አድርጎ ይተወዋል። መቶ ቤት ባለበት ሕንፃ ቁጥር የሌለው ካርቶን ማንም ሊፈርምበት ይችላል። አድራሻውን ራሳችሁ በትልቁ ጽፋችሁ ፎቶውን ላኩላቸውና ያንኑ እንዲገለብጡ አድርጉ።

እንግሊዝ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ። በፈረንጆች 2015 የወጣው የሸማቾች መብት ሕግ ዕቃው እጃችሁ ወይም እናንተ በመረጣችሁት ሰው እጅ እስኪገባ ኃላፊነቱ የሻጩ ነው ይላል፤ ሳትመርጡት ለጎረቤት መስጠት መድረስ አይባልም። ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይ እስከ 30,000 የሆነ ዕቃ በክሬዲት ካርድ ከተገዛ ካርድ ሰጪውም አብሮ ይጠየቃል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም የ2011 የሸማቾች መብት መመሪያ ተመሳሳይ መርሕ አለው።

ለሚቀጥለው ዕቃ

ባልና ሚስት የተለያየ የአባት ስም ካላችሁ፣ እናት ወይም ወንድም አብሯችሁ ካለ፣ የሁሉንም ስም በወረቀት ጽፋችሁ በደብዳቤ ሳጥኑ ውስጠኛ በኩል ለጥፉ። ፖስተኛው በዚያ ቤት የማያውቀውን ስም ሲያይ «የለም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ የእኛ ቤት ደግሞ አራት ሰው አራት «ላስት ኔም» ነው።

የዩኤስፒኤስ «ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ»፣ የዩፒኤስ «ማይ ቾይስ»፣ የፌዴክስ «ዴሊቨሪ ማኔጀር» በነፃ ይከፈታሉ። የዩፒኤስና የፌዴክሱ ዋና ጥቅም ዕቃው ሳይደርስ መንገድ ላይ እያለ ማዘዋወር መቻላቸው ነው። ውድ ዕቃ ሲሆን ቤት እንዲመጣ አታድርጉ፤ መታወቂያ አሳይታችሁ ከምትወስዱበት ቦታ ወይም ከሎከር አድርጉት። ፊርማ ይጠየቅ ማለት ብቻውን አያድንም፣ የእኔም ተጠይቆ ነበር። አማዞን ለአንዳንድ ውድ ዕቃ ለሾፌሩ የሚነገር ባለ ስድስት አኃዝ ቁጥር ይልካል፤ ያንን ቁጥር ሾፌሩ በር ላይ ቆሞ ሳታዩት በስልክ ለማንም እንዳትነግሩ።

ለተጓዥ የሚሰጥ ዕቃ ደግሞ በረራው ሁለት ሳምንት ሲቀረው እዘዙ።